ስለ ለምነትና ስለ ጥጋብ የሚነገሩ ቃላት

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመለሱ የእርሻ ጽሑፎች ሲነበቡ አንድ ጉድለት ደጋግሞ ይታያል፤ ይኸውም እንግሊዞች በአምስትና በስድስት ቃል ለያይተው የሚናገሩትን ተርጓሚው ለም በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ ማለፉ ነው። ይህን የቋንቋችን ድህነት ነው የሚሉ አሉ፤ ለእኛ ግን ድህነቱ የተርጓሚው እንጂ የአማርኛ አይመስለንም።

ነገሩን ለመመርመር ከፎገራ ሜዳ የተሻለ ስፍራ አይገኝም። ይህ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ሲሆን፥ ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወገን ወርደው ክረምት በመጣ ቍጥር ከዳርቻቸው እየወጡ ደለል ያለብሱታል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ የደብረ ታቦር መንገድ በሚገነጠልባት በወረታ ቆሞ በመስከረም ቢመለከት ሜዳው ለምለም ነው፤ በመጋቢት ቢመለስ ግን ዋልካው ተሰነጣጥቆ ያገኘዋል። ቢሆንም ለምነቱ አልተለየውም። እንግዲህ ለም የመሬቱ ችሎታ ነው፤ ለምለም ግን ዓይን የሚያየው ነው። ለምልሞ ፍሬ የሚነሣ ቡቃያ እንዳለ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። እንግሊዞችም የመጀመሪያውን ፈርታይል፥ ሁለተኛውን ላግዡሪያንት ይሉታል፤ የኋለኛው ቅንጦት ከሚለው ቃላቸው ጋር ሥሩ አንድ ነውና አለልክ የመንዠርገግ ትርጉም አለበት።

ፍሩትፉል የሚለው ደግሞ ከፍሬ የወጣ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት እግዚአብሔር ሰውን በባረከበት ስፍራ እንግሊዝኛው በዚህ ቃል ይጀምራል፤ የዕብራይስጡም ግሥ ከፍሬ ጋር አንድ ሥር አለው። አማርኛው ግን ከፍሬ ሳይሆን ከብዛት ይነሣል። ስሕተት ነው አንልም፤ ይሁን እንጂ ልጅን የማሕፀን ፍሬ ብሎ የሚጠራ ሕዝብ ምሳሌውን እዚህ ላይ መተዉ ያስደንቃል። ፕሮሊፊክ ለሚሉት ወላድ የሚል በቂ ቃል አለን። የሕዝብ ቍጥር ሊቃውንትም በእንግሊዝኛ በእርግጥ የተወለደውን ፈርቲሊቲ፥ የመውለድን ችሎታ ፌከንዲቲ ሲሉ፥ ፈረንሳዮች እነዚሁኑ ሁለት ቃላት ገልብጠው ይናገራሉ፤ ስለዚህ ከሁለቱ ቋንቋ የሚተረጕም ሰው ይጠንቀቅ።

ወደ ጥጋብ ቃላት ስንመጣ ጕዳዩ ይጠልቃል። አበንዳንት የሚለው ቃል ማዕበል ከሚል የላቲን ቃል የተገኘ ነውና ትርጕሙ ከዳርቻው አልፎ የሚፈስስ ማለት ነው። የፎገራ ሰው ይህን ቃል ያለ መምህር ይረዳዋል፤ ያው ውሃ ደለልና ርጥበት ትቶለት ሲሄድ ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል፤ ልኩን ሲያልፍ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደ ሆነው ሰዉን ከቤቱ ያፈናቅላል። የእኛ ተትረፈረፈ ግን ተረፈ ከሚለው የወጣ ስለ ሆነ መለኪያው ወንዙ ሳይሆን ቤተ ሰቡ ነው፤ ከተበላ በኋላ የቀረው ይቈጠራል። ጥጋብ ከዚህም ይለያል። ጥጋብ በጎተራ ሳይሆን በበላተኛው ዘንድ ያለ ነው፤ ስለዚህም ጠገበ ስንል ትዕቢቱንም ጭምር እንናገራለን። ፕሌንቲ የሚለው ሙላትን ብቻ የሚያመለክት ቃል ይህ ነቀፌታ የለበትም፤ የዮሴፍን ሰባት ዓመታት በእንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው አማርኛው የሚያሰማውን ሥጋት አይሰማም። በረከትንማ በአበንዳንስ የሚተረጕም ሰው አምስቱን እንጀራ አላሰበም፤ በረከት በጥቂቱም ያድራልና።

እነዚህን ቃላት መለየት የትምህርት ቤት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በፎገራ የገበሬዎች ማኅበራት ሩዝ እንዲስፋፋ ከረዱ ወዲህ፥ ቀድሞ ውሃ የሚተኛበት የግጦሽ ሜዳ ታርሶ የሩዝ ማሳ ሆኗል። ጽሑፎቹ ይህን መሬቱ ምርታማ ሆነ ይላሉ፤ በእህል ረገድ እውነት ነው፥ የብዙ ሰውም ኑሮ ተሻሽሎበታል። ነገር ግን ያው ሜዳ በወተቷ የታወቀችውን የፎገራን ላም የሚመግብ ነበር፤ ግጦሹ ሲጠብ ከብቱም አነሰ። ምርታማ የሚለው ቃል ማሳውን ብቻ ይቈጥራል፤ ላሚቱ ከቍጥሩ ውጭ ናት።

እንግሊዞች ኤክዙበራንት የሚሉት አንድ ቃል አላቸው። ተርጓሚዎቻችን ደስታ የፈነቀለው ሰው እያሉ ይመልሱታል፤ ዛሬ ለሰው ጠባይ ስለሚነገር አያስነቅፍም። ሥሩ ግን ዩበር የሚለው የላቲን ቃል ነው፤ እርሱም በአንድ በኩል ለም፥ በሌላ በኩል የላም ግት ማለት ነው። ስለ መሬት በተነገረበት ስፍራ ይህን ቃል ወደ አማርኛ ሊመልስ የሚሻ ሰው፥ መዝገበ ቃላቱን ከመግለጡ በፊት ሩዝ ከመምጣቱ በፊት በፎገራ ከብት ያገዱ ሽማግሌዎችን ቢጠይቅ ይሻለዋል።