ወረቡንና ሞንታርቦውን ምን አገናኛቸው?

ከስድስት ዓመት በኋላ ለጥር 21፣ ለአስተርእዮ ማርያም ንግሥ፣ መርጡለ ማርያም ገባሁ። ንግሥ እንደ ቴአትር ይተቻል እንዴ? በእኔ ቤት አዎ።

የሊቃውንቱ ዜማ ከቁም ይነሳል። ዝማሜ ላይ መቋሚያው ይወዛወዛል፣ መረግድ ላይ ጽናጽሉና ከበሮው ይገባሉ፣ ጽፋት ላይ ይፈጥናል። ፍጥነቱን የሚያጣፍጠው የመጀመሪያው መዘግየት ነው። ቀኑን ሙሉ ኮድ እየጻፍኩ "ምን ያህል ይፈጥናል?" ስባል ለምውል ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዘንድሮ ግን ከበሩ ውጭ የተደረደረው ሞንታርቦ ዝማሜውን ዋጠው፤ የተረፈን ጽፋቱ ብቻ ነው። (ገበያው አልረበሸኝም። ሸንኮራ የሌለበት ንግሥ ምኑን ንግሥ ሆነ!)

ከጎን ደግሞ ፍርስራሹ አለ፤ አበባና ሐረግ የተቀረጸበት ድንጋይ። ወጣቱ ጀርባውን ሰጥቶት ቲክቶክ ይቀረጻል። መቀረጹስ ይሁን። አንዱን "ማን ነው ያሠራው?" ብለው "ኧረ ድሮ ነው" አለኝ። ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላከችው ንግሥት እሌኒ፣ ከዚያም የግራኝ አሕመድ ዘመን ቃጠሎ፣ ሁሉም "ድሮ" ውስጥ ገባ።

ለከርሞ ሞንታርቦው ወረቡ እስኪያልቅ ዝም ይበል። ከዚያ በዚያው ማይክ ስለ እሌኒ አምስት ደቂቃ ይነገርበት።