ጭብጨባው ለዘፈኑ ነውን?

አድማጭ በአደባባይ ተሰብስቦ ለዘፋኝ በሚያጨበጭብበት ጊዜ፥ ጭብጨባው ለዘፈኑ ነውን ወይስ ለዘፋኙ? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ዘፋኙ ወጣት፥ ድምፁም ሙሉ በሆነ ጊዜ ሁለቱን መለየት አያስፈልግም፤ ዘፈኑና ዘፋኙ እንደ አንድ አካል ሆነው ይመሰገናሉና። ዘፋኙ ባረጀ ጊዜ፥ ሕመምም በጐበኘው ጊዜ፥ ያም ሆኖ ከሕዝብ ፊት በቀረበ ጊዜ ግን ጥያቄው ይከብዳል። የሚያደንቅ እጅና የሚያዝን እጅ ሲያጨበጭቡ የሚያሰሙት ድምፅ አንድ ነው። ሐያሲ ግን ሁለቱን የመለየት ግዴታ አለበት፤ ርኅራኄ ባለበት ቦታ ሁሉ ጥበብ አለ ብሎ የተናገረ እንደ ሆነ፥ ጥበብንም ሰውየውንም አዋርዷልና።

ይህን ጥያቄ እንዳነሣ ያደረገኝ፥ በአሜሪካ አገር በሮድ አይላንድ ግዛት፥ ኒውፖርት በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ፥ ሐምሌ 17 ቀን 2014 ዓ.ም. የተሰማው የጆኒ ሚቸል ዘፈን ነው። ቀኑ በአውሮጳ አቈጣጠር ጁላይ 24 ቀን 2022 ነበር፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደዚሁ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። ሐምሌ በእኛ ዘንድ ሰማዩ የሚጠቁርበት፥ ሰውም በጊዜ ወደ ቤቱ የሚከተትበት ወር ነው። በዚያ አገር ግን የበጋው እኩሌታ ስለ ሆነ፥ ሕዝቡ ባርኔጣውን አድርጎ፥ ምንጣፉንና ተጣጣፊ ወንበሩን ይዞ ወደ ሜዳ የሚወጣበት ጊዜ ነው። የኒውፖርት የሕዝባዊ ዜማ በዓል ከ1959 ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፥ አሁን የሚደረገው ፎርት አዳምስ በሚባለው አሮጌ የድንጋይ ምሽግ አጠገብ፥ ባሕሩን በሚያይ የሣር ሜዳ ላይ ነው። መግቢያ ያላገኘ ሰው እንኳ ጀልባውን በወደቡ ላይ አቁሞ ዘፈኑን ከውኃው ላይ ሊያዳምጥ ይችላል።

በዚያ እሑድ ቀን የወጣው መርሐ ግብር ብራንዲ ካርላይል የተባለችው ዘፋኝ ከወዳጆቿ ጋራ እንደምትቀርብ እንጂ ሌላ ነገር አይናገርም ነበር። በመድረኩ ላይ የተደረደረው ወንበር ግን የእንግዳ መቀበያ ክፍልን ይመስላል። ምክንያቱም ጆኒ ሚቸል ከታመመች ወዲህ ሙዚቀኞች በሎስ አንጀለስ ከሚገኘው ቤቷ እየተሰበሰቡ ከእርሷ ጋራ መዝፈን ልማድ አድርገው ስለ ነበር፥ ያው የቤት ጨዋታ ወደ አደባባይ እንዲወጣ በመታሰቡ ነው። በመጨረሻም የ78 ዓመቷ ሴት ባርኔጣዋን ደፍታ፥ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ብቅ አለች። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ የጮኸው ጩኸት ገና አንድ ቃል ሳይዘፈን ነው። ይህን ልብ እንበል፤ የመጀመሪያው ጭብጨባ በእርግጥ ለሰውየዋ ነበር።

ደግሞም እንዲያ ቢሆን የሚያስነቅፍ አይደለም። ጆኒ ሚቸል በ1943 በካናዳ አገር ተወለደች። በ9 ዓመቷ የፖሊዮ በሽታ ስለ ያዛት ግራ እጇ ደከመ። በዚህም የተነሣ የተለመደውን የጊታር አያያዝ ሊታዘዝላት ባልቻለ ጊዜ፥ እጇን ከጊታሩ ጋራ በማስማማት ፈንታ ጊታሩን ከእጇ ጋራ አስማማችው። የእኛ ክራር ደርዳሪ ከትዝታ ወደ ባቲ፥ ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ በሚሸጋገርበት ጊዜ አውታሮቹን እንደገና እንደሚቃኝ ሁሉ፥ እርሷም ለየዘፈኗ የራሷን ቅኝት ፈጠረች። ግጥሙም ዜማውም የራሷ ስለ ሆነ፥ በትውልዷ ካሉት ደራሲ ዘፋኞች ከፍ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። በመጋቢት 2015 ግን በአንጎሏ ውስጥ የደም ሥር ችግር ደርሶባት ወደቀች። መራመድንና መናገርን እንደ ሕፃን እንደገና መማር ግድ ሆነባት። ጊታሩንም ቢሆን የቀድሞ ፊልሟን እያየች፥ ጣቶቿ የት የት ያርፉ እንደ ነበር እየተመለከተች ነው የተማረችው። በኒውፖርት ከዚያ ቀደም ለመጨረሻ ጊዜ የቀረበችው በ1969 ነበር፤ እንዲህ ያለ ሙሉ ዝግጅት ለሕዝብ ካሰማችም ከ20 ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። እንግዲህ ይህን የሚያውቅ አድማጭ ስታስነጥስ እንኳ ቢያጨበጭብላት ማን ይፈርድበታል?

ስለዚህ ተጠራጣሪው ሰው የሚለው ቀላል አይደለም። «ሕዝቡ የሰማው ዘፈን ሳይሆን ተአምር ነው። ቀድሞ እንደ ወፍ ይበር የነበረው ድምፅ ዛሬ ከምድር አይነሣም። የጐደለውን ወጣቶቹ እየሞሉላት፥ የረሳችውን እያስታወሷት፥ እኛም ስለ ራራንላት ጥበብ ሰማን ብለን ወደ ቤታችን ተመለስን» ይላል። እኔ በሜዳው ላይ ከተቀመጡት አንዱ አልነበርኩም። የዚያ ቀን ዘፈን በ2023 በሸክላ ታትሞ ስለ ወጣ እርሱን ደጋግሜ በመስማትና ፊልሙን በመመልከት ነው የምፈርደው። የተጠራጣሪውንም ክርክር በመጀመሪያ በሚረታበት ቦታ ላይ ልቀበለው እወዳለሁ።

በእርግጥም በዚያ ዝግጅት ውስጥ የሚያጠግብ ያልሆነ ቦታ አለ። «ሄልፕ ሚ» የተባለውን ዘፈን የዘፈነችው ሰሊስ የተባለች ሌላ ዘፋኝ ናት፤ በጥሩ ሁኔታም ዘፍናዋለች፤ ነገር ግን ያ የሰሊስ ሥራ እንጂ የጆኒ ሚቸል አይደለም። በሌሎቹም ዘፈኖች ከዙሪያዋ ያሉት ደጋፊዎች ብዛታቸው ድምፅዋን የሚሸፍንበት ጊዜ አለ። ደጋፊ እንደ ምርኩዝ ነው፤ ምርኩዝ የሚያስፈልገው ለመራመድ ነው፤ ምርኩዙ ከበዛ ግን የሚራመደውን ሰው ከማየት ይከለክላል። ከወጣቶቹ ፍቅር ብዛት የተነሣ የአሮጊቷ ድምፅ ብቻውን ቢቀር ምን ሊሆን እንደሚችል ለመስማት ሳንታደል የቀረንበት ቦታ ጥቂት አይደለም። ይህን ጉድለት ሳይናገሩ ማለፍ ለእርሷ ማዘን ሊሆን ይችላል፤ ማክበር ግን አይደለም።

ይሁን እንጂ ተጠራጣሪው መልስ የማያገኝባቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ጊታሩ ነው። በዝግጅቱ መካከል ከወንበሯ ተነሥታ፥ በ1974 ካወጣችው ሸክላ ውስጥ «ጀስት ላይክ ዚስ ትሬይን» የተባለውን ዘፈን ያለ ቃል፥ በጊታር ብቻ ተጫወተችው። በዚህ ጊዜ ከጐኗ ሆኖ የሚዘፍንላት፥ የሚሞላላትም ሰው የለም። ጣቶቹ ዝግ ያሉ ናቸው፤ ነገር ግን ቅኝቱ የማንም ሳይሆን የእርሷ ነው። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ስትሸጋገር የምታሳርፈው ጊዜ፥ ይህን ዜማ የፈጠረው አእምሮ በቦታው እንዳለ ያስታውቃል። አድማጩም ጸጥ ብሎ ነው የሰማት። ርኅራኄ ብዙውን ጊዜ ዝም ማለት አይሆንለትም፤ የሚያዳምጥ ሰው ግን ዝም ይላል።

ሁለተኛው፥ ገርሽዊን ለ1935 ኦፔራው ያዘጋጀው «ሰመርታይም» ነው። ይህ ዘፈን ለሕፃን የሚዜም የማስተኛ ዘፈን ሲሆን፥ ብዙዎች ከፍ ባለ ድምፅ ሲዘፍኑት ሰምተናል። ጆኒ ሚቸል ግን ወደ ታች አወረደችው። ዛሬ ያላት ድምፅ ወፍራምና ሻካራ፥ ወሰኑም ጠባብ ነው። ነገር ግን በጠባቡ ወሰን ውስጥ ቃሉን የት እንደምታዘገይ፥ የት እንደምትቈርጥ ታውቃለች። ድምፅ የተፈጥሮ ሀብት ሲሆን አነጋገር ግን ትምህርት ነው። ሀብቱ ቢያልቅ ትምህርቱ እንደሚቀር ከዚህ ዘፈን ይበልጥ የሚያስረዳ ምሳሌ ላገኝ አልቻልኩም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው «ቦስ ሳይድስ ናው» የተባለው ዘፈን ነው። ትርጓሜው ከሁለቱም ወገን እንደ ማለት ነው። ድርሰቱ ደመናን፥ ቀጥሎ ፍቅርን፥ በመጨረሻም ኑሮን ከሁለት በኩል ይመለከታል፤ በመጀመሪያ እንደሚያምር፥ ቀጥሎ እንደሚያሳዝን፤ ከዚያም የተመልካቹ ዕውቀት እንዳልተሟላ በማመን ይጨርሳል። ይህን የጻፈችው በ1967፥ የ23 ዓመት ወጣት ሳለች ነው። አስቀድማ ያስታወቀችው ጁዲ ኮሊንስ ስትሆን፥ ደራሲዋ ራሷ በ1969 በሸክላ አወጣችው። የዚያን ጊዜው ድምፅ ጠራ ያለ፥ ከፍ ያለም ነው፤ ነገር ግን ጥያቄ ይነሣበታል። የ23 ዓመት ልጅ ኑሮን ከሁለት ወገን አየሁት ስትል እንዴት ልመናት? ቃሉ ከተናጋሪዋ ዕድሜ ይበልጣልና። በ2000 ኀምሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ከትልቅ ኦርኬስትራ ጋራ ደግማ አወጣችው፤ በዚያን ጊዜ ቃሉና ድምፁ ተቀራረቡ። በኒውፖርት ግን ተገናኙ።

የቅኔ ትምህርት ቤት ደጅ የረገጠ ሰው እንደሚያውቀው፥ ሰሙን ፈጥኖ የሚሰማ ብዙ ነው፤ ወርቁን የሚያገኝ ግን የቈየ ነው። ጆኒ ሚቸል በወጣትነቷ ያማረ ሰም ሠራች፤ ወርቁን ግን ኑሮ 55 ዓመት ሙሉ ሲያፈስበት ቈየ። የ78 ዓመት ሴት፥ ሞትን አጠገቡ ደርሳ የተመለሰች፥ ያንኑ ቃል ቀስ ብላ፥ ካርላይል ከጐኗ እያጀበቻት ስትናገረው፥ አንድ ቃል ሳይለወጥ ትርጓሜው ሁሉ ተለወጠ። ከኋላዋ የነበረችው ዘፋኝ ዋይኖና ጀድ እናቷን ካጣች ገና ሦስት ወር አልሞላትም ነበር፤ እየዘፈነች ዕንባዋን ስታፈስ በፊልሙ ይታያል። ያ ዕንባ ለማን እንደ ነበር እርሷ ታውቃለች። እኔ የምለው ግን፥ እውነተኛ ዘፈን አድማጩን ስለ ዘፋኙ ካሳዘነው በኋላ በዚያ አይተወውም፤ ወደ ገዛ ራሱ ይመልሰዋል። ርኅራኄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉም እርሷን ያይ ነበር። በዚያ ሜዳ ግን ሰው እርሷን እየሰማ የራሱን ያስብ እንደ ነበር ፊቱ ይመሰክራል።

በመጨረሻ «ዘ ሰርክል ጌም» የተባለው፥ ልጅ አድጎ ጎልማሳ ሲሆን የጊዜን ዑደት የሚያስታውሰው ዘፈን በተነሣ ጊዜ፥ ሕዝቡ ተቀባይ ሆነ። በአገራችን ያለ ተቀባይ ዘፈን ሙሉ እንደማይሆን ሁሉ፥ በዚያም አውጪዋ ስታወጣ ሜዳው ሁሉ ተቀበለ። ከተቀባዮቹ ብዙዎቹ ዘፈኑ በወጣበት ዘመን ያልተወለዱ ወጣቶች ናቸው፤ ቃሉን ግን ከወረቀት ሳያነቡ ያውቁታል። አንድ ሕዝብ ለሚያዝንለት ሰው ገንዘብ ይሰጣል፥ አበባም ይሰጣል፤ ግጥሙን በቃሉ የሚያጠናው ግን ስለሚያዝንለት አይደለም።

የኒውፖርት አድማጭም እንዲሁ በቀላሉ የሚያጨበጭብ አይደለም የሚል ምስክር አለ። በ1965 በዚሁ በዓል ላይ ቦብ ዲላን በኤሌክትሪክ ጊታር በቀረበ ጊዜ፥ የሚወደው ሕዝብ መካከል ሆኖ የተቃውሞ ጩኸት ተሰምቶበታል። ዛሬ ያ ጩኸት ስሕተት እንደ ነበር ብዙዎች ይስማማሉ፤ ቢሆንም ወዳጅ አድማጭ ከሥራው ጋራ ሊጣላ እንደሚችል ያሳያል።

ሸክላው በ2024 በአሜሪካ የግራሚ ሽልማት የሕዝባዊ ዜማ ክፍል አሸናፊ ሆኗል፤ ነገር ግን ሽልማት ለጥያቄያችን መልስ አይሆንም፤ ሸላሚዎችም እንደ እኛ ልብ ያላቸው ሰዎች ናቸውና። መልሱን ከጭብጨባው ቅደም ተከተል እናገኘዋለን። የመጀመሪያው ጭብጨባ፥ ዘፈኑ ሳይጀመር የተሰማው፥ ለሰውየዋ ነበር። የመጨረሻው ለዘፈኑ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለፈው ጊዜ፥ አንዲት አሮጊት የተሰጣትን ርኅራኄ ተቀብላ፥ ሳትመልሰው፥ ሳትታበይበትም፥ ወደ አድናቆት የለወጠችበት ጊዜ ነው።

ይህ ለእኛም የሚጠቅም ይመስለኛል። አንጋፎቻችን ወደ መድረክ በሚወጡበት ጊዜ ከወንበራችን መነሣታችን ተገቢ ነው። ከተቀመጥን በኋላ ግን ልናዳምጣቸው ይገባል፤ ጉድለት ቢኖር ጉድለቱን ለማስተዋል፥ ወርቅ ቢኖርም ወርቁን ለማግኘት። ለአንድ ጥበበኛ ከምናሳየው ክብር ሁሉ የሚበልጠው፥ ሥራውን ገና እንደሚፈረድበት ሥራ አድርገን መስማት ነው።