ለስክሪን መኪና የመካኒክ ዓይን

ብሌንደር በተባለው የኮምፒውተር ንድፍ ሶፍትዌር የመኪና ቅርጽ ለሚሠራ ጀማሪ ከሙገሳ ይልቅ እርማት ትልቅ ስጦታ ነው። ኮምፒውተር የማይሆነውንም ያሳምራል፤ ጎማው ሲታጠፍ ፓራፋንጎውን ቢነካ ስክሪኑ አይከለክልም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ገጠር የሚነዳ ሾፌር ግን ሆዱ ለመሬት የቀረበ ሞዴል ሲያይ ጠጠሩና ጭቃው ይታየዋል፤ የቡሬ መካኒክም ሞተሩ በየት በኩል እንደሚወርድ ይጠይቃል። ሶፍትዌሩን ሳያውቁ ምን ይተቻሉ የሚል ይኖራል፤ የሚመዘነው ግን መኪናው ነው።

ትችት ጀማሪን ያሸሻል የሚለው ስጋት ይበልጥ ይከብዳል። ማንቋሸሽ በእርግጥ ያሸሻል። የዋሸራ ቅኔ ቤት ተማሪ ግን የቆጠረውን፣ ማለትም የደረሰውን ቅኔ፣ ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል፤ የሳተው ቦታ ተለይቶ ስለሚነገረውም ሌላ ይቆጥራል። የመኪናውም ተቺ «አያምርም» ከሚል «የፊት ጎማውን ትንሽ ወደፊት አውጣው፣ በሩ እንዲከፈት» ቢል ወጣቱ በዚያው ምሽት ያስተካክለዋል።