«ማውረድ»፣ «መጫን»፣ «መግዛት»፦ ስለ አንድ የትርጉም ረቂቅ የቀረበ ሒስ

ሙያዊ ቃል በመዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ጉድለቱ አይታወቅም። የሚታወቀው አንድ ሰው ቃሉን ተከትሎ ሥራ ሊሠራ ሲነሣ ነው። በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ሲታተም ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በዚያው ዓመት ነበርና፣ ስለ መረብ የምንናገርባቸው ቃላት አብዛኞቹ ከዚያ ወዲህ የተለመዱ ናቸው፤ የለመዷቸውም ተርጓሚዎችና ነጋዴዎች እንጂ መዝገብ አዘጋጆች አይደሉም። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ በመልካሳ ለሚኖሩ ወጣቶች እንዲሆን ከእንግሊዝኛ የተመለሰ አጭር መመሪያ ነው። መመሪያው ገና በረቂቅነት ያለ ሲሆን፣ የሚያስተምረውም ገንዘብ ተከፍሎበት የተገዛን ሙዚቃ በጽሑፍ ትእዛዝ በሚሠራ መሣሪያ ወደ ራስ ኮምፒዩተር ማምጣትን ነው። ተርጓሚው እንግሊዝኛውን አሳምሮ ያውቃል፤ አማርኛውም አይነቀፍም። ስለዚህ የሚነቀፈው የእርሱ እውቀት ሳይሆን ሁላችንም ሳንመረምር የተቀበልናቸው ቃላት ናቸው።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» እ.ኤ.አ. በ1985 በካሴት ወጥቶ፣ በ2013 «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው አሳታሚ እንደገና ታትሟል። ዛሬ «ባንድካምፕ» ከተባለው የመረብ ሱቅ ይገዛል፤ የገዛው ሰው በስሙ በተያዘው ክምችት ውስጥ ያገኘውና ፋይሉን በመረጠው ዓይነት ይወስዳል። በመዳፊት ጠቅ አድርጎ መውሰድ ይቻላል። አልበሙ ከባድ ሲሆን፣ መብራቱም መረቡም ሲቆራረጥ ግን፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በነፃ የሚሠራጨውን «ደብልዩጌት»ን የመሰለ መሣሪያ ይመረጣል። ይህ መሣሪያ መስኮትም አዝራርም የለውም፤ ሰው ትእዛዙን በፊደል ይጽፋል፣ መሣሪያው ይፈጽማል።

ረቂቁ «መሣሪያውን ይጫኑ»፣ «ትእዛዙን ይጫኑ»፣ «ፋይሉን ይጫኑ» ይላል። የመጀመሪያው በኮምፒዩተሩ ላይ ማኖርን፣ ሁለተኛው ቁልፍ መንካትን፣ ሦስተኛው ደግሞ ወደ መረብ መላክን ለመግለጽ የገባ ይመስላል፤ ይመስላል የምለው እኔም እንግሊዝኛውን ሳላይ መለየት ስላልቻልሁ ነው። የችግሩ ምንጭ የቃላት ማነስ ብቻ አይደለም። «ጫነ» እና «ተጫነ» በትእዛዝ አንቀጽ «ጫን» እና «ተጫን» ሆነው በግልጽ ይለያያሉ። በአክብሮት ሲነገሩ ግን ሁለቱም «ይጫኑ» ይሆናሉ፤ የሚለያያቸው «ጫ» መጥበቁና መላላቱ ብቻ ነው፣ እርሱንም ፊደላችን አያሳይም። ስለዚህ በንግግር የማይደናገር ሰው በንባብ ይደናገራል። አዝራር በሌለው መሣሪያ ዘንድ ደግሞ «ይጫኑ» ከነአካቴው የሚጫን ነገር የለውም፤ «ጽፈው ያስገቡ» ማለት ይበቃ ነበር።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳይ አለ። እንግሊዝኛው ሰውንም መሣሪያውንም በአንድ ዓይነት አነጋገር ስለሚያዝ ማን ማንን እንደሚያዝ መግለጽ አያስፈልገውም። አማርኛ ግን ሳይመርጥ ማለፍ አይችልም። መመሪያው ለአንባቢው ሲናገር «ያውርዱ» ማለቱ ተገቢ ነው፤ አንባቢው ለመሣሪያው የሚጽፈው ትእዛዝ ትርጉም ግን «አውርድ» መሆን አለበት። ረቂቁ ሁለቱንም በ«አንቱ» ስለጻፈ አንባቢው የቱን እርሱ እንደሚያደርግ፣ የቱን መሣሪያው እንደሚያደርግለት መለየት ይቸግረዋል። ለጭነት በቅሎ አንቱ የሚል ሰው አላየሁም።

አሁን ወደ «ማውረድ» እንምጣ። ቃሉ ከጭነት ዓለም የመጣ ነው፤ በአዳማ መናኸሪያ ለዋለ ሰው «ጫኝና አውራጅ» ማብራሪያ አያሻውም። አውራጅ ያወረደው መኪና ባዶውን ይቀራል፣ በመረብ የወረደው ፋይል ግን ከነበረበትም አይጠፋም። ይህ ልዩነት ብዙ አያስጨንቅም፤ ዘይቤ ሁሉ ከአንድ ወገን ያነክሳል። «የወረደ ሙዚቃ» ሲባል ደረጃው ዝቅ ያለ ሙዚቃ መምሰሉም ፈገግ ያሰኝ እንደሆነ እንጂ ዐረፍተ ነገሩ ይለየዋል። የሚያሳስበው ሌላ ነው። በወርኀዊ ክፍያ ሙዚቃ የሚያሰሙ አገልግሎቶች ያለ መረብ ለመስማት የሚያስችለውን አዝራር እንዲሁ «አውርድ» ይሉታል። በዚያ አኳኋን «የወረደው» ዘፈን ከፕሮግራሙ ውጭ አይከፈትም፤ ክፍያው ሲቋረጥም ይዘጋል። በ«ደብልዩጌት» የወረደው ግን ተቀድቶ ለልጅ የሚተርፍ ፋይል ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ገዢውን ያሳስታል። የመጀመሪያውን «ማቆየት» ብንለው፣ «ማውረድ» ነገሩ በእጅ ለገባበት ብቻ ሊቀር ይችላል። የመልካሳ አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ ኦሮምኛም የሚያውቅ ነውና ልዩነቱ አይከብደውም። በዚያ ቋንቋ «ቡሱ» ማውረድ ሲሆን፣ ለመረቡ የተለመደው «ቡፈቹ» ለራስ ማውረድ ነው፤ ለማን እንደወረደ ግሱ ራሱ ይናገራል። እኛ ይህን በምዕላድ መግለጽ ስለማንችል በቃል ምርጫ መካስ አለብን።

«መግዛት»ም እንዲሁ ነው። በቋንቋችን «የገዛ ቤቴ» ማለት በራሴ እጅ ያለ ቤቴ ማለት ነው፤ ግዢና ባለቤትነት በአንድ ግስ ይኖራሉ። የመስማት ፈቃድ ብቻ የሚሰጥ ሱቅ «ግዛ» ብሎ መጻፉ በአማርኛ ከእንግሊዝኛው የባሰ ነው።

«የትእዛዝ መስመር» የተባለውን ማጽደቅ አልችልም። «መስመር» ለአንባቢው ስልክ፣ መንገድ፣ ወይም የአለቃና የምንዝር ሰንሰለት ነው። ቋንቋችን የሥራ ቦታንና መሣሪያን በ«-ያ» ስለሚያበጅ «ትእዛዝ መጻፊያ» ያለ ድካም ይገባል። የአገራችን ሙዚቀኞች በ2011 ዓ.ም. ዘፈን በእጅ ስልክ የሚሸጡበትን ፕሮግራም «አውታር» ብለው ሲሰይሙ የክራሩን ጅማትና የመረቡን ዝርጋታ በአንድ የቆየ ቃል አግኝተውታል። ቃል ፍለጋ እንዲህ ከቤት ቢጀምር መልካም ነበር።

ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ግን ስለ ተቋረጠ ማውረድ የተጻፈው ነው። በትእዛዙ ላይ ጭረትና «ሲ» የሚባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ሲጨመሩ፣ አውራጁ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ላኪው ኮምፒዩተር ከፈቀደ የመጣውን ደግሞ አያመጣም። ረቂቁ ይህን «እንደገና ጀምር» ብሎታል። «እንደገና መጀመር» በአማርኛ ከዜሮ መነሣት ነው። የ40 ደቂቃ አልበም በከፍተኛው የኤምፒ ሦስት ጥራት 96 ሜጋ ባይት ያህል ይመዝናል፤ ድምፁ ሳይጎድል በታመቀው ዓይነት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ200 ይበልጣል። (ይህንን ዓይነት ረቂቁ «ኪሳራ አልባ» ማለቱ ሙዚቃውን የሱቅ ሒሳብ ያስመስለዋል።) ከዚህ ውስጥ 180ውን ተቀብሎ መብራት የጠፋበት ሰው «እንደገና ጀምር» የሚለውን ቢያነብ፣ ወይ ፈርቶ ይተወዋል፣ ወይ በእጁ ያለውን ደምስሶ ለ180ው ሜጋ ባይት ዳግመኛ ይከፍላል። «ካቆምህበት ቀጥል» ቢባል ሁለቱም አይደርስበትም።

የመጨረሻው «ኩኪ» ነው። መሣሪያው የገዢውን ክምችት ለመክፈት ገዢው መሆኑን የሚመሰክር ምልክት ይፈልጋል፤ ይህም በማሰሻው ውስጥ የተቀመጠ አጭር ጽሑፍ ነው። በእጁ የያዘ ሁሉ እንደ ባለቤቱ ሆኖ ይገባል። «ኩኪ» ለአማርኛ አንባቢ ብስኩት ከመሆን አያልፍም፤ «ይለፍ» ግን በኬላ ያለፈ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ «የይለፍ ቃል» በሚለውም አስቀድሞ የገባ ቃል ነው። ኩኪ ሁሉ ይለፍ አይደለም፤ ለዚህ ተግባር የዋለው ግን ነው። ረቂቁ «ኩኪውን በሚመችዎ ቦታ ያስቀምጡ» ይላል። «ይለፍዎን» ብሎ ቢጀምር ኖሮ፣ «በሚመችዎ ቦታ» የሚለውን ተርጓሚው ራሱ ሰርዞ «ሌላ ሰው በማያገኘው ቦታ» ብሎ በጻፈው ነበር።