ሰማዩን ያጠቆረ ፎቶ አትግዙ

«ሰማዩ እንዴት ጥርት ብሎ ጠቁሯል!» የሚል የሌሊት ሰማይ ፎቶ ገዢ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የሚያደንቀው እኮ የጠፋውን ነው።

ትሪፖድ መነቃነቁን፣ ፎከስ መሳቱን፣ ከዋክብቱ ሰረዝ መስለው መውጣታቸውን አላወራም፤ ያንን ማንም ያየዋል። ፍሬም መደራረቡም የታወቀ ነው፦ 16 ቢደረብ ኖይዙ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ 64 ቢደረብ ወደ ስምንተኛ እጅ። ዳርክና ፍላት የሚባሉትን የማረሚያ ፍሬሞች የማያነሳ ሰው ደግሞ ገና ሥራውን አልጀመረም። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ፣ ኤዲቱ ላይ የሚፈጸመው ጥቁሩን የመቁረጥ ወንጀል ነው።

ሰባቱን ከዋክብት እንውሰድ። የክረምቱ ደመና ከጦሳ ተራራ ላይ ተነስቶ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገባ፣ ደሴ ላይ ከአናት ጥቂት ወደ ሰሜን ብለው ያልፋሉ። የኮምቦልቻ መብራት በደቡብ ምሥራቅ ስለሆነ ብዙም አይደርስባቸው፤ ቦሩ ሜዳ ድረስ ለወጣ ሰው የደሴውም ከጀርባ ይቀራል። ከዋክብቱን የከበበው ሰማያዊ ጭጋግ ብርሃናቸውን መልሶ የሚያንጸባርቅ የአቧራ ደመና ነው። ሰማያዊውን ጀማሪም ያወጣዋል። ባለሙያ የሚለየው ከዚያ ወዲያ ባለው ነው፦ ፍሬሙን ሙሉ የተንሰራፋ፣ ቡናማ ቢጤ፣ ከባዶው ሰማይ በጥቂቱ ብቻ የሚደምቅ አቧራ። ሂስቶግራሙን ብትከፍቱ ይህ አቧራ ከሰማዩ ጉብታ ጋር ተጣብቆ ነው የምታገኙት። ሌቭልስ ከፍቶ የግራውን ቀስት ጉብታው ድረስ የገፋ ልጅ ኖይዙንም፣ የከተማውን መብራትም፣ አቧራውንም አብሮ ይቀብራል። የቀረው ንጹሕ ይመስላል፤ ገዢውም ያጨበጭባል።

ሰማይ ጥቁር አይደለም። አንድም አምፖል በሌለበት ሌሊት እንኳ የላይኛው አየር የራሱ ደብዛዛ ብርሃን አለው። ስለዚህ ሕጌ ይህ ነው፦ ባዶ የሚመስለው ቦታ ላይ የቀለም መልቀሚያውን አሳርፉ። ከ0 እስከ 255 ባለው መለኪያ 25 አካባቢ ካነበበ ደግ ነው፤ ከ10 በታች ከሆነ እጠራጠራለሁ፤ 0 ካለ ፎቶውን ለባለቤቱ መልሱለት። ታትሞ የቀረበ ከሆነ በቀን ብርሃን መስኮት ዳር ውሰዱትና ከጥቁር ፍሬም ጎን አስተያዩት። ሰማዩና ፍሬሙ አንድ ከሆኑ ተቆርጧል፤ ክርክር የለውም።

«የኮምቦልቻ መብራት አስቸግሮኝ ነው» የሚለውንም ሰበብ አልቀበልም። ሲሪልና ግራክስፐርት የሚባሉ ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ፤ ወደ አንድ ወገን ያጋደለውን ብርሃን ለክተው ይቀንሱታል። እርግጥ እዚህም ፕሮግራሙ ባዶ ሰማይ ብሎ የሚለካበትን የናሙና ነጥብ አቧራው ላይ የሚተክል አይጠፋም፤ ፕሮግራሙም አቧራውን የከተማ መብራት መስሎት ጠርጎ ያወጣዋል። መብራቱ በትክክል ከተቀነሰ በኋላ ደብዛዛውን በአንድ ጉልበት ሳይሆን በትንሽ በትንሹ፣ ሂስቶግራሙን እያዩ ወደ ላይ መሳብ ነው።

ይህን ጥቁር የመውደድ ልማድ ግርዶሹ ያባባሰው ይመስለኛል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የታየው የቀለበት ግርዶሽ በማጣሪያ ስለሚነሳ ዙሪያው መጥቆሩ ግድ ነበር። የፀሐይን ሕግ ወስዶ ኔቡላ ላይ መጫን ግን አለማወቅ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ቴሌስኮፕ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ደሴ ውስጥ በጥቁርና ነጭ ዘመን ፎቶ ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው። ፎቶ ታጥቦ ሲወጣ ፊቱን ሳይሆን መጀመሪያ ካባውን ነበር የሚያዩት። ጥቁር ካባ ከኋላው ካለው መጋረጃ ጋር ተዋሕዶ ከወጣ ወረቀቱን በመቆንጠጫ አንስተው፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ «አንተ፣ የሴትዮዋን ካባ የት አደረስከው?» ይሉ ነበር። እጥፋቱ እስኪታይ ድረስ እንደገና ይታተማል፤ የወረቀቱ ኪሳራም የእሳቸው ነው። ደንበኛዋ ልዩነቱን ላታውቀው ትችላለች፤ ለእሳቸው ግን ያ ምክንያት አልነበረም።

በኋላ ስለ ዴቪድ ማሊን ሳነብ ጋሼ ትዝ አሉኝ። ማሊን በ1975 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ወደ አውስትራሊያ የሄደ ኬሚስት ነው። ደብዛዛው ምስል በፎቶ ሰሌዳው የላይኛው ሽፋን ላይ እንደሚቀመጥ ስላወቀ፣ ሰሌዳውን ከፊልም ጋር አጣብቆ በተበታተነ ብርሃን እየገለበጠ ያንን ሽፋን ብቻ ያወጣው ነበር። በስሙ የሚጠራው ማሊን 1፣ እጅግ ግዙፍ ሆኖ እጅግ ደብዛዛ የሆነው ጋላክሲ፣ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። የእኛ ልጆች ኮምፒውተር ይዘው ያንኑ ደብዛዛ በአንድ ክሊክ ያጠፉታል።

ልትገዙ ስትሄዱ ባለ 16 ቢት ፋይሉን አሳየኝ በሉት። ካሳያችሁ ጥላውን ራሳችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ አቧራው ብቅ ካለ ስለ ዋጋ መነጋገር ይቻላል። «ያለኝ ጄፔጉ ብቻ ነው» ካለ ስለ ሻዩ አመስግናችሁ ውጡ።