ስውሩን ያየ ሰው ምን አተረፈ?

ደንብም ጽሑፍ ነው። ግጥምና ልቦለድ እንደሚተቸው የጨዋታ ደንብም ሊተች ይገባል ባይ ነኝ፤ በተለይ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው በቃልና በዳይስ ተረት የሚፈጥሩበት ጨዋታ ደንብ። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ አንጋፋ እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን ያወጡት ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። አንዱ የጨዋታው መሪ ይሆናል፤ ዓለሙን ይተርካል፣ ጠላቶችን ያንቀሳቅሳል፣ ደንብ ሲያከራክር ይዳኛል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ይይዛሉ።

እዚህ የማነሳው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም ውስጥ ያሉ ሁለት አጫጭር ደንቦችን ነው። ለየብቻቸው ሲነበቡ ሁለቱም ግልጽ ናቸው። ጣጣው የሚመጣው ሲገናኙ ነው።

የመጀመሪያው ስለ ስውርነት ይደነግጋል፤ ሁለት ነጥብ አለው። አንደኛ፣ የተሰወረ ፍጡር ያለ አስማት ወይም ያለ ልዩ የስሜት ኃይል አይታይም። ሁለተኛ፣ እሱን ለመምታት የሚሞክር ሰው ባለ 20 ፊቱን ዳይስ ሁለት ጊዜ ጥሎ ዝቅተኛውን ቁጥር ይወስዳል፤ ስውሩ ራሱ ሲመታ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጥሎ ከፍተኛውን ይወስዳል። ሌላኛው ደንብ ስውርን የማየት ድግምት ነው። አስማተኛው ይህን ከደገመ ለ1 ሰዓት ያህል የተሰወሩትን እንደማንኛውም የሚታይ ነገር አድርጎ ያያል።

እንግዲህ አስማተኛችን ደገመ፤ አየም። ጠላቱ ፊት ለፊቱ ቆሟል። ሊመታው ሲል ዳይሱን ስንት ጊዜ ይጥላል?

አንድ ጊዜ ነዋ! ትሉ ይሆናል። ፊደሉን ብቻ ተከትሎ ለሚሄድ አንባቢ ግን መልሱ ሁለት ጊዜ ነው። ድግምቱ የነካው የመጀመሪያውን ነጥብ ብቻ ነው ይላል። ሁለተኛው ነጥብ ላይ ጠላት ከታየ ጥቅሙ ይቀራል የሚል ነገር አልተጻፈም፤ ስለዚህ ጠላት ቢታይም ስውር ነው፣ ስውር እስከሆነ ድረስ ጥቅሙ አብሮት አለ። ይህን የሚሉት ክርክር የሚወዱ ተጫዋቾች ብቻ አይደሉም። የደንቦቹ ዋና አዘጋጅ የነበረው ጄረሚ ክራውፎርድ ራሱ ሲጠየቅ እንደዚሁ ነው የመለሰው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ለመምታት 11 ወይም ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ዳይሱን አንድ ጊዜ ሲጥል 50 በመቶ ዕድል አለው። ሁለት ጊዜ ጥሎ ዝቅተኛውን ሲወስድ ዕድሉ ወደ 25 በመቶ ይወርዳል። አስማተኛው ምንም አላተረፈም አልልም፤ ዒላማን ማየት የሚጠይቁ ሌሎች ድግምቶችን አሁን መጠቀም ይችላል። ግን ተራውን ሰጥቶ፣ ካሉት ጥቂት የሁለተኛ ደረጃ ድግምቶች አንዱን አውጥቶ፣ ሰይፍ ሲያነሳ ካላየው ጓደኛው እኩል ይስታል። ይሄ እንዴት ሆኖ ነው ማየት የሚባለው?

ፊደል አጥባቂዎችን አልንቃቸውም። ደንብ እንደተጻፈው ካልተነበበ የመሪው ስሜት ሕግ ይሆናል፤ ዛሬ ለወደደው የፈቀደውን ነገ ለሌላው ይከለክላል። ፊደሉ የተጫዋቹ ጋሻ ነው። እዚህ ጋ ግን ጋሻው ተጫዋቹን መልሶ መታው። ይህ ሰው መጽሐፉን አንብቦ፣ ቃሉን አምኖ፣ ሌላውን ድግምት ትቶ ነው ይህን የመረጠው። ደግሞም ፊደል ማክበር ከሆነ የሁለቱንም ደንቦች ፊደል ነው። ድግምቱ ስውሩን እንደሚታይ ነገር ያያል ካለ፣ ለዚያ አስማተኛ ጠላቱ የሚታይ ነው። መጽሐፉ ራሱ መግቢያው ላይ ልዩው ደንብ ጠቅላላውን ይሽራል ይላል። ልዩው ድግምቱ ነው።

ይህ ሚዛን ለተጫዋች ብቻ ያደላል የሚል ካለ ሌላ የታወቀ ክርክር ልጥቀስ። በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች በረድፍ ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ ጎረቤቱ ጦር ሲያቀብለው ተቀብሎ ለማሳለፍ ይዘጋጃል። አንድ ዙር 6 ሰከንድ ስለሆነ በፊደሉ ጦሩ በ6 ሰከንድ የረድፉ ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ ተጫዋቹ በዚህ ፍጥነት የሄደ ጦር ዘንዶ ይገድላል ይላል። እስከ ጫፍ ድረስ ደንቡን ጠቀሰ፤ ጫፍ ሲደርስ ፊዚክስ ጠራ። በደንቡ ከቀጠልን ግን የመጨረሻው ሰው የሚወረውረው ጦር እንደማንኛውም ጦር ባለ 6 ፊት ዳይስ ነው የሚጎዳው። ለተጫዋቹ መድፍ ቃል የገባለት አንቀጽ የለም፤ ስለዚህ የተነጠቀውም ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የመሪዎች መጽሐፍም ይህንኑ አንስቶ ደንቦቹ የፊዚክስ ሕግ እንዳልሆኑ ተናግሯል።

የአንድምታ መምህራን አንድም እያሉ ብዙ ትርጉም ጎን ለጎን ማኖር ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አያባርርም። ጠረጴዛ ላይ ግን ዳይሱ መጣል አለበት፤ አንድ ትርጉም ብቻ ነው የሚሠራው፤ ያ ትርጉምም አንድን ሰው ይጎዳል ወይም ይጠቅማል። ለዚህ ነው ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ የማይመስለኝ።

እ.ኤ.አ. በ2024 የታደሰው የተጫዋቾች መጽሐፍ ስውርነትን እንደገና ጻፈው፦ ስውሩን በሆነ መንገድ ማየት በሚችል ፍጡር ላይ ጥቅሙ አይሠራም። ክርክሩን የፈታው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። 10 ዓመት የፈጀው ክርክር ለአዲሱ መጽሐፍ አንባቢዎች በዚሁ አበቃ። በአሮጌው መጽሐፍ የሚጫወቱ ግን አሁንም አሉ፤ እነሱ የአዘጋጁ መልስ አስሮናል ማለት የለባቸውም። አሳታሚው ራሱ የሠራተኞቹ የአደባባይ ንግግር ምክር እንጂ ይፋዊ ብይን እንዳልሆነ አስታውቋል።

እኔ በምመራው ጠረጴዛ ስውሩን ያየ ሰው ዳይሱን አንድ ጊዜ ነው የሚጥለው። ሁለት ደንቦች ሲጋጩብኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ተጫዋቹ የትኛውን ቃል አምኖ ምን እንደከፈለ ነው። ከዚያ በኋላ ፊደሉን እንቆጥራለን።