ጣት ነክቶ ዓይን እስኪያይ

የሪሞት ሶፍትዌር አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ "ከድሮው ይፈጥናል?" አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ የክፍለ ሀገር ቅርንጫፎችን ኮምፒውተር የምከታተል ሰው ነኝና ጥያቄው የኔም ጥያቄ ነው። ግን በአንድ ቁጥር መመለስ አልወድም፤ ፍጥነት እንደ መስመሩ ይለያያል።

ስሌቱን እንየው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ከተያዘ፣ 8.3 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር እንዳለ ቢላክ አንዱ ምስል ብቻ ከ16 ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ካምብሪጅ በነበረው የኦሊቬቲ ቤተ ሙከራ ከተወለደው የሪሞት ሶፍትዌር፣ ከቪኤንሲ ጀምሮ የዚህ ሙያ ብልሃት ያለው አለመላክ ላይ ነው። ኮፒሬክት የሚባለውን ዘዴ እስከ ዛሬ አደንቀዋለሁ። ገጹ ወደ ላይ ሲንሸራተት ሰርቨሩ ምስሉን መልሶ አይልክም፤ "እዚያ ያለውን እዚህ ገልብጠው" የሚል የጥቂት ባይት መልእክት ይሰዳል፤ በምስል የሚልከው አዲስ የተገለጠውን ክፍል ብቻ ነው። በኋላ የመጣው ታይት የሚባለው ዘዴ ደግሞ ፎቶ መሰል ቦታዎችን በጄፔግ ያምቃል።

ማመቅ የማይፈታው ግን አለ፤ ርቀት። በቪኤንሲ ደንብ ቪውወሩ፣ ማለትም በተመልካቹ ኮምፒውተር ላይ ያለው ፕሮግራም፣ "የተለወጠውን ላክልኝ" ብሎ ካልጠየቀ ሰርቨሩ አይልክም። በቪሳት፣ ማለትም በሳተላይት፣ የሚገናኝ ቅርንጫፍ አስቡ። ሳተላይቱ ያለው 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ጥያቄው ወጥቶ ይወርዳል፣ መልሱም ወጥቶ ይወርዳል፤ ይህን መንገድ ለመጨረስ ብርሃን እንኳ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። መልስ እየጠበቀ የሚጠይቅ ቪውወር እንግዲህ፣ መስመሩ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን፣ በሰከንድ ከሁለት ምስል ብዙም አያልፍም። እንደ ታይገር ቪኤንሲ ያለ፣ ጥያቄ ሳይጠብቅ በተከታታይ መላክ የሚችል ሶፍትዌር ብልጫው እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በቢሮ ኔትወርክ ብቻ የሞከረው ሰው ግን ልዩነቱ ላይገባው ይችላል።

ስለዚህ መስመሩን ራሴ እሠራዋለሁ። በቪውወሩና በሰርቨሩ ኮምፒውተሮች መሃል ሊነክስ የጫንኩበት አሮጌ ማሽን አስገብቼ ኔትኤም በሚባለው መሣሪያ ግማሽ ሰከንድ አዘገየዋለሁ። እውነተኛው መስመር ጠዋትና ከሰዓት አንድ አይደለም፤ በሱ ላይ ቨርዥን ማወዳደር በሚዋዥቅ ሚዛን ጤፍ መመዘን ነው። ከዚያ ኪቦርዱና ስክሪኑ አብረው እንዲታዩ አድርጌ ስልኬን አቆምና በሰከንድ 240 ፍሬም እቀርጻለሁ። የምጽፈው አንድ ፊደል ነው፣ ላ። የኤል ቁልፍ ሲነካ ል ይመጣል፣ አናባቢው ሲከተል ወደ ላ ይለወጣል። በዘገየ መስመር ላይ ል ለብቻዋ ቆማ ስትጠብቅ በዓይን ትታያለች። ጣቴ ሁለተኛውን ቁልፍ ከነካበት ፍሬም ላ እስከታየችበት ድረስ እቆጥራለሁ፤ 120 ፍሬም ግማሽ ሰከንድ ነው። ሃያ ጊዜ ደጋግሜ መካከለኛውንም የከፋውንም እጽፋለሁ። እኔ ይበልጥ የማየው የከፋውን ነው፤ ሰው የሚያማርረው በሱ ነውና።

ይህን ጥንቃቄ ያስተማረኝ የራሴ ስህተት ነው። አንድ ጊዜ አዲስ ቨርዥን ጭኜ፣ ለክቼ፣ "በእጥፍ ፈጥኗል" ብዬ ለአለቃዬ ነገርኩ። በሦስተኛው ቀን ከአንድ ቅርንጫፍ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር በሪሞት እየገቡ የሚሠሩ የሒሳብ ሠራተኛ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ይሄ ሦስት ነው ስምንት? ዓይኔ ነው ብዬ መነጽሬን ስጠርግ ነው የዋልኩት።" ገብቼ ሳየው እውነታቸውን ነው። አዲሱ ሲጫን የጄፔግ ጥራቱ ከድሮው ዝቅ ብሎ ነበር፤ የ3 ክፍት ጎን ደፍርሶ ሊዘጋ ደርሷል። ፈጠነ ያልኩት ያነሰ ስለላከ ነው። እኚያ እናት ሦስት ቀን ሙሉ እየተጠራጠሩ ሒሳብ ሲያስታርቁ መቆየታቸው እስካሁን ይከነክነኛል።

ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ቨርዥኖች ጥራት፣ የቀለም ልክና የስክሪን መጠን እኩል ሳይሆን መለካት አልጀምርም። ቀድሜ የምከፍተው በደቃቅ 3፣ 8 እና 6 የተሞላ ሠንጠረዥ ነው። ለእኚሁ የሒሳብ ሠራተኛ እደውላለሁ፤ እሳቸው ከስክሪናቸው ያነቡልኛል፣ እኔ ከወረቀት እከተላለሁ። አንድም አሃዝ ካልተሳተ ስልኩን ዘግቼ ካሜራውን እከፍታለሁ።